ወረራው መቼ ያበቃል? — ስለ ሰንጠረዥ የውጊያ ሕግ አነባበብ

ሂስ የሚጻፈው ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ግጥምና ስለ ቲያትር ብቻ ነው የሚል ሕግ የለም። ቢኖርም እንጥሰው ነበር። የጨዋታ ሕግ ራሱ አንድ ዓይነት ድርሰት ነው፤ ስሙ ባይታወቅም ደራሲ አለው፣ አንባቢ አለው፣ የተናገረው ነገር አለው፣ ዝም ያለውም ነገር አለው። ልዩነቱ ወዲህ ነው። አንድን ግጥም ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ ቢረዱት ሻያቸውን ጠጥተው፣ ተሳስቀው ይለያያሉ። የጨዋታን ሕግ፣ ያውም የውጊያውን ሕግ፣ ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ ከተረዱት ግን አንዱ ፈረሱን ያጣል፤ ሌላው ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መቼም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አሻሚ የሆነ የውጊያ ሕግ እንዴት ይነበባል የሚለው ጥያቄ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ነው፤ የፍርድም ጥያቄ ነው።

ለዚህ ምርመራ የምንይዘው ጽሑፍ ከራሳችን ቤት የወጣ ነው፦ ሰንጠረዥ። ከቼዝ ጋር ወንድማማች ነው፤ መንትያ ግን አይደለም። ሰሌዳው ስምንት በስምንት፣ ስድሳ አራት ቤት ነው። ጥቁርና ነጭ ተብሎ አልተቀባም፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ተሰምሮ ነበር የሚዘጋጀው። በያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ደር በቀጥታ ይሮጣል፤ ፈረስ እንደ ዛሬው ይዘላል፤ መደቅ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ በማዕዘን ይበላል። ዛሬ በቼዝ ላይ ሁሉን የምትጠርገው ንግሥት ግን እዚህ የለችም። በቦታዋ የቆመው ፈርዝ በማዕዘን አንዲት ቤት ብቻ የሚረግጥ ምስኪን አማካሪ ነው። ፊልም የዝሆን ስም ይዞ በማዕዘን አንዱን ቤት ዘሎ ያርፋል እንጂ እንደ ዛሬው ዘመዱ ከዳር እስከ ዳር አይምዘገዘግም።

ዕድሜውም አጭር አይደለም። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። እቴጌ ጣይቱም ጨዋታውን ከሚችሉት ይቆጠራሉ። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ ጻፈው ሰንጠረዥ ከፋሺስት ኢጣልያ ወረራ በኋላ እየከሰመ ሄዶ ጠፋ። ቼዝ ሲገባ ሰንጠረዥ የሚለው ስም ለቼዝ ቀረለት፤ ሕጉ ግን ከተጫዋቾቹ ጋር ተቀበረ። አሁን አንዳንድ ወጣቶች እንደገና እናስነሣው ሲሉ ይሰማል። መልካም! ግን የትኛውን ሕግ ነው የምታስነሡት? ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሀ. ሦስት ምስክሮች

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ምስክር ሄንሪ ሶልት ነው። በ1805 ትግራይ፣ አንታሎ፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ በእንግድነት ሳለ ራስ ከመኳንንቶቻቸው ጋር ሲጫወቱ አየ። ያየው በ1809 በሎርድ ቫለንሺያ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። ሁለተኛው ዋልተር ፕላውደን ነው። ከ1848 ጀምሮ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በሀገራችን ኖረ፤ በ1860 ጎንደር አጠገብ ሽፍቶች አቁስለውት ሞተ። ጽሑፉን ወንድሙ አሰናድቶ በ1868 አሳተመለት። ሦስተኛው ፓንክረስት ነው። በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና መርሕ ባወጣው ጽሑፍ የቀደሙትን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ላይ አስቀመጠልን። በመካከል ደግሞ ኤች. ጄ. አር. መሪ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1913 በታተመው ትልቅ የቼዝ ታሪኩ ውስጥ ሰንጠረዥን የጥንቱ የሻትራንጅ ልጅ አድርጎ መድቦታል።

ምስጋናውን አስቀድመን እንክፈል፤ እነዚህ ሰዎች ባይጽፉ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር እንኳ ባልኖረ ነበር። ምስጋና ግን ሂስን አይከለክልም። ሦስቱም ሕግ አውጪዎች አይደሉም። ሶልት ቋንቋውን ያልለመደ፣ ለጥቂት ቀናት የመጣ እንግዳ ነው፤ ዐይኑ ስለታም ነው፤ ዕድሉ ግን ጥቂት ነው። ፕላውደን ብዙ ኖሯል፤ ነገር ግን የሚጽፈው ለሀገሩ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከእንግሊዝ ቼዝ የሚለየውን ይመዘግባል። ፓንክረስት የታሪክ ሰው ነው፤ ሥራው ማሰባሰብ ነው። ሕጉን ከነሱ ስናነብ የምናነበው አንድ ወጥ ድንጋጌ ሳይሆን የምስክሮች ቃል ነው። የምስክር ቃል ደግሞ እንደ ሕግ አንቀጽ አይነበብም። ማን አየ፣ የት አየ፣ በማን ቤት ሆኖ አየ ተብሎ ይጠየቃል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከነዚህ ጽሑፎች ያገኙትን ሁሉ በቁጥር ደርድረው «የሰንጠረዥ ሕግ፣ አንቀጽ አንድ፣ አንቀጽ ሁለት» እያሉ ይጽፋሉ። የአንታሎው ከጎንደሩ፣ የራስ ቤቱ ከቆንስሉ ማስታወሻ ጋር ተፈጭቶ አንድ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ ያምራል። እህሉ ግን ከየት እንደ መጣ አይታወቅም።

ለ. የጎንደር መሣሪያ

አሻሚ ቃል ለመፍታት ከሩቅ መሣሪያ መዋስ አያስፈልግም። እዚሁ ጎንደር፣ ከፋሲል ግንብ ጥላ ሥር፣ በዓለም ከታወቁት የአተረጓጎም ትምህርቶች አንዱ አድጓል፤ አንድምታ። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው የተለዩት የትርጓሜ ወገኖች አንድን ኃይለ ቃል ይዘው «እንዲህ ማለት ነው» ካሉ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ፤ እንደገና «አንድም» ይላሉ። የታች ቤት ነገር ሲነሣ የመምህር ኤስድሮስ ስም አብሮ የሚነሣው በከንቱ አይደለም። የተቀበለውን ትርጓሜ እንደገና መርምሮ ማቃናት እንደሚቻል ያሳየ ሰው ነው።

ከውጭ ለሚያየው ሰው «አንድም» ልቅነት ይመስላል፤ ሁሉም ትክክል ነው እንደ ማለት። ኧረ አይደለም! መምህሩ ፊት ቀርቦ የፈለገውን የሚናገር ተማሪ የሚደርስበትን የቆሎ ተማሪ የነበረ ዘመድ ያለው ይጠይቅ። እያንዳንዱ «አንድም» ሸክም አለበት። በመጀመሪያ ቃሉ በሰዋስው ሊሸከመው ይገባል። ሁለተኛ ከፊትና ከኋላ ካለው ነገር ጋር መስማማት አለበት። ሦስተኛ ምስክር ይጠራበታል። እነዚህን ያላሟላ ፍቺ ቢያምርም ይወድቃል። ያሟሉት ደግሞ ሁለት ቢሆኑ ሁለቱም ተጽፈው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን ለማጥፋት አይቸኩልም።

ለጨዋታ ሕግ ግን አንድ ነገር መጨመር አለብን። መጽሐፍ በሁለት ፍቺ ይኖራል፤ ጨዋታ ግን በሁለት ፍቺ አይሄድም። ዛሬ ማታ ጨርቁ ሲዘረጋ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ስለዚህ አንድምታ ፍቺዎቹን ያቀርብልናል፤ ምርጫው ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

ሐ. ቀላሉ፤ የፊል ሦስት ቤት

ከቀላሉ እንጀምር። ሶልት ፊል በሌሎች ላይ ዘሎ እንደሚያልፍና ሦስት ቤት ብቻ እንደሚሄድ ጽፏል። በሌላ በኩል በሻትራንጅ ፊል የሚያርፈው ከተነሣበት በማዕዘን ሁለተኛው ቤት ላይ ነው። ታዲያ የኛ ፊል አንድ ቤት ጨምሮ ይረዝማል?

አንድም፤ ሶልት የቆጠረው የተነሣበትን ቤት አንድ ብሎ ነው። የተነሣበት አንድ፣ የዘለለው ሁለት፣ ያረፈበት ሦስት። እንዲህ ያለ አቆጣጠር ለኛ እንግዳ አይደለም። ጌታ ዓርብ ተቀብሮ እሑድ ሲነሣ ሦስት መዓልት ሦስት ሌሊት ተብሎ የሚቆጠረው የቀኑ ከፊል እንደ ሙሉ ስለሚያዝ ነው። የጫፎቹ ቀኖች ከቁጥሩ ይገባሉ። በዚህ ፍቺ የአንታሎው ፊልና የሻትራንጁ ፊል አንድ ይሆናሉ።

አንድም፤ በርግጥ ሦስት ቤት ነው ያለ እንደሆነ፣ ፊል ሁለት ጠጠር ተሻግሮ ሊያርፍ ነው። ለዚህ ግን ምስክር የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ይጸናል። አያችሁ፣ ጽሑፉ አልተለወጠም፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። የተለወጠው አንባቢው ከየት መቁጠር እንደሚጀምር ነው። ግማሹ የሕግ ጠብ እንዲህ ያለ ነው።

ሶልት ስለ መደቅ የጻፈው ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ ይሰጠናል። መደቅ የሰሌዳው መጨረሻ ቢደርስም ማዕረግ አያገኝም ይላል። በሻትራንጅ ግን መጨረሻ የደረሰ ወታደር ፈርዝ ይሆናል። ይኼን ሲያነቡ የሚዘሉ አሉ፤ «አያችሁ! የኛ ገባር ዕድሜ ልኩን ቢሮጥም ገባር ነው! ሰሌዳው ሥርዓቱን አጋለጠ!» ይላሉ። ደስ የሚል ምሳሌ ነው። ችግሩ አንድ እንግዳ በአንድ ቤት ያየው ነገር መሆኑ ነው። ምሳሌ ማውጣት የሐያሲ መብት ነው፤ ግን መጀመሪያ ነጠላ ፍቺው ይጽና፤ ምሥጢሩ ከዚያ ይመጣል። ሰሙ ሳይቀልጥ ወርቅ የሚያፈስስ ባለሙያ የለም።

መ. ከባዱ፤ ወረራ

አሁን ወደ ልቡ እንግባ። ሰንጠረዥን ከዓለም ቼዞች ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው። ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ጎን ለጎን፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ፣ የፈለጉትን ጠጠር እያንቀሳቀሱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን መልሶ ያስተካክላል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል።

ስሙ ራሱ አሻሚ ነው። ፈረንጆቹ የሠራዊት ማሰለፍ ብለው ይፈቱታል። ለአማርኛ ጆሮ ግን ወረራ ዘመቻ ነው፤ በላይ በላይ መድረስ ነው። አንድ ጠጠር እንኳ ያልሞተበት ጊዜ እንዴት ወረራ ተባለ? አንድም፤ ባዶ መሬት መያዝ ነውና፣ መሬቱ ይወረራል። አንድም፤ ማስፈራራት ራሱ ወረራ ነውና። ሁለቱም ይሸከሙታል። ጥያቄው ግን ቃሉ ላይ አያበቃም። «የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ» የሚለው አጭር አነጋገር ቢያንስ ሦስት ጠብ አርግዟል።

አንደኛው ጠብ፤ ተራ ከሌለ የፈጠነ እጅ ሁሉን ይበላል። ፈረሴን ሁለት ጊዜ አዝልዬ፣ አንተ ዐይንህን ሳታርገበግብ፣ ሦስተኛውን ዝላይ በደርህ ላይ ባሳርፍስ? በፊደሉ ከሄድን ይቻላል፤ የእርምጃ ቁጥር አልተወሰነማ! እንዲህ ከሆነ ግን ጨዋታው የአእምሮ መሆኑ ቀርቶ የጣት ይሆናል። ከፊትና ከኋላ ያለውን እንይ። ሕጉ እያንዳንዱ የሌላውን አይቶ የራሱን ያስተካክላል ይላል። «አይቶ» የሚለው ቃል እዚህ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጌጥ አይደለም። ለማየት ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወረራ ውስጥ መብላት የሚቻለው ባላጋራ አይቶት ዝም ካለው ቦታ ተነሥቶ ነው። መጠጋትና መብላት በአንድ ትንፋሽ አይሆንም። ያልታየ ጦር አይወጋም እንበለው።

ሁለተኛው ጠብ፤ ከመጀመሪያው መብላት በኋላ ተራው የማን ነው? አንድም፤ መብላቱ የተራው ጨዋታ የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ ስለዚህ ቀጥሎ የሚጫወተው የተበላበት ነው። አንድም፤ መብላቱ የወረራው መጨረሻ ነው፤ ተራው ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሁለተኛውን ፍቺ ከያዝን «ማን ይጀምር?» የሚል አዲስ ጥያቄ ይወለዳል፤ ለሱም ሌላ ሕግ መለመን ሊኖርብን ነው። የመጀመሪያው ግን ምንም አይለምንም። እኔ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፤ ከሁለት ፍቺ ሌላ ሕግ የማይለምነው ይመረጥ። ውጤቱም ያማረ ነው። ደም ያፈሰሰ ሰው የፈሰሰበትን ሰው መልስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ምት ዋጋ አለው ማለት ነው።

ሦስተኛው ጠብ፤ ሁለት እጆች በአንድ ጊዜ ቢዘረጉስ? እዚህ ላይ ሶልት ሳያውቀው ረድቶናል። ራስና መኳንንቱ የባላጋራን ጠጠር ሲበሉ በኃይል መትተው ከቦታው እንደሚያፈናቅሉት ጽፏል፤ አነጋገሩ ትንሽ የመደነቅ፣ ትንሽም የመናቅ ቃና አለው። ጠጠሮቹም ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ትላልቅና ሸካራ ነበሩ። እንግዳው ጉልበት አየ። እኔ ግን ነጋሪት እሰማለሁ። ተራ በሌለበት ጨዋታ ወረራው ማብቃቱን ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ማወቅ አለበት፤ የሚያሳውቀው ድምፁ ነው። መጀመሪያ ድምፅ ያሰማው መጀመሪያ መትቷል። ሥርዓት የለሽ የመሰለው ነገር ሥርዓቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ይኼን ፍቺ ከኔ ውሰዱት እንጂ ከሶልት አይደለም።

ሠ. ሰው የሌለው ንጉሥ

ሌላው የሚያስደንቅ ሕግ መጨረሻው ላይ ነው። ሁሉን ያጣ፣ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግም። አንድ ሹም ብቻ የቀረው ንጉሥ ደግሞ ያ ሹም ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ማት መደረግ አለበት፤ አለዚያ ጨዋታው አቻ ይወጣል። ይህን በእርጋታ አስቡት። አሸናፊው የጠላቱን የመጨረሻ ሹም ሊበላው አይችልም፤ ከበላው ድሉን ራሱ ገደለው። የባላጋራውን አንድ ሰው እየጠበቀ፣ እየተንከባከበ፣ ንጉሡን ብቻ መያዝ አለበት።

አሻሚው ቦታ ሰባቱ ነው። ሰባቱ የሹሙ እርምጃዎች ናቸው ወይስ የተሸናፊው ተራዎች? ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። የሹሙ እርምጃ ብቻ ከተቆጠረ፣ አሸናፊው ንጉሡን ደጋግሞ እያስፈራራ እንዲሸሽ ያስገድደዋል፤ ንጉሡ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቆጠራው ይቆማል፤ ጊዜ ይገዛል። ተራው ሁሉ ከተቆጠረ ግን ሰባት ሰባት ነው፤ ማምለጫ የለም። የተጻፈው ቃል የሹሙን እርምጃ ይላልና የመጀመሪያውን ፍቺ እመርጣለሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ። በመጀመሪያው ፍቺ ሁለቱም ወገኖች የሚሠሩት ሥራ አላቸው፤ በሁለተኛው ተሸናፊው ጣቱን ብቻ ይቆጥራል።

የሕጉ መንፈስስ? አንድም ምሕረት ነው፤ ብቻውን የቀረን አትምታ። አንድም ንቀት ነው፤ ሰው የሌለው ንጉሥ ንጉሥ አይደለምና ማሸነፉ ድል አይባልም። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። የቋራው ካሣ በ1868 መቅደላ ላይ ጦሩ ከድቶት፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር ቀርቶ፣ ራሱን በራሱ በገደለ ጊዜ እንግሊዞች ምን ያዙ? አምባ ያዙ፤ ንጉሥ አልያዙም። እንዲህ ያለ ሀገር ውስጥ የተጫወቱ ሰዎች ይህ ሕግ ትርጉም ይሰጣቸው እንደ ነበር መገመት አይከብድም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ እንደ ተራ ነገር ይታይ ነበር፤ በፈርዝ ወይም በፊል ማድረግ ያስመሰግናል፤ በመደቆች ማድረግ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ይህ ሕግ ነው ወይስ ውበት? ሕግ ነው ካልን በደር የያዘ አላሸነፈም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ምስክር የለም። ስለዚህ በደር የያዘ ያሸንፋል፤ ግን አያስጨበጭብም። ሕግና ሂስ የሚለያዩት እዚህ ነው። ሕግ ማን አሸነፈ ይላል፤ ሂስ እንዴት አሸነፈ ይላል። አባቶቻችን ሁለቱን ባንድ ጨርቅ ላይ ያጫውቱ ነበር።

ረ. ከባሕር ማዶ

ይህ ጣጣ የኛ ብቻ አይደለም። በፕሩስያ ራይስቪትስ የሚባለው መኮንን በ1824 ለጦር ሹማምንት ማሠልጠኛ የጦርነት ጨዋታ አወጣ፤ ለያንዳንዱ ምት ዛርና ሰንጠረዥ ያለ (አደራ፣ እዚህ ሰንጠረዥ ያልሁት የቁጥር ዝርዝሩን ነው)። ሕጉ ከመክበዱ የተነሣ በ1876 ፎን ቬርዲ የሚባለው ጄኔራል «ዝርዝሩን ተዉት፣ ልምድ ያለው ዳኛ ይወስን» ብሎ ተነሣ። በ1974 አሜሪካ ውስጥ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን ጨዋታ አወጡ፤ ተጫዋቹ ጀግና ሆኖ የሚተውንበት፣ ዳኛው ተረቱን የሚመራበት፣ ዛር የሚጣልበት። የመጀመሪያዎቹ ደብተሮች ያልተነገረውን ተጫዋቾቹ ራሳቸው እንዲሞሉት ያበረታቱ ነበር። በ1979 ያው ጋይጋክስ ለዳኞች ባወጣው ወፍራም መጽሐፍ ደግሞ ሁሉ ቦታ አንድ ዓይነት አጨዋወት እንዲኖር አጥብቆ ተናገረ። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ በውጊያ ማን ቀድሞ ይመታል የሚለው ክፍል እጅግ የተወሳሰበ ስለሆነ ተጫዋቾች ከብዙ ዓመታት በኋላም ይከራከሩበታል። የኛው ወረራ በሌላ ልብስ! የዓለም አቀፉ ቼዝ ፌዴሬሽን ሕግ እንኳ መግቢያው ላይ ሁሉን ነገር መሸፈን እንደማይችል አምኖ፣ ዳኛው ተመሳሳይ ሁኔታዎችን አይቶ እንዲፈርድ ያዛል።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሕግ በማብዛት አሻሚነት አይጠፋም፤ ቦታውን ይለውጣል እንጂ። ዳኛ በመሾምም አይጠፋም፤ ዳኛው ኪስ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «አሻሚነትን እንዴት እናጥፋ» ሳይሆን «ዝም ባለው ቦታ ላይ ማን ይናገራል» የሚለው ነው።

ሰ. ራስ ለምን ሁልጊዜ ያሸንፋሉ?

ሶልት ሁለት ነገር ባንድ ትንፋሽ ጽፏል። አንደኛው፤ ሰንጠረዥ በጩኸት ይጫወቱታል፤ በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ ድምፅ አለው፤ የተሻለ መንገድ ለማሳየት ጠጠሩን አንሥቶ እስከ መንካት ይደርሳል። ሁለተኛው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ በብልኃት ራስ እንዲያሸንፉ ያደርጋሉ።

የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ «ይኸው ሸንጎ፣ ይኸው የሕዝብ ድምፅ!» ይላል። ሁለተኛውን ብቻ ያነበበ «ይኸው አድርባይነት!» ይላል። ሁለቱንም ባንድ ላይ ማንበብ ነው የሐያሲ ሥራ። ሁሉ ይናገራል፤ ውጤቱ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው። መምከርና መወሰን አንድ አይደሉም። ባሪያው ጠጠሩን አንሥቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ሊያስቀምጠው የሚችለው ግን ጌታው የሚወድደው ቤት ላይ ነው።

አሁን ወደ ወረራ እንመለስና ይህን መብራት እናብራበት። ተራ የለም፤ የእርምጃ ቁጥር የለም፤ ያደረጉትን መመለስ ይቻላል። ሁለት እኩያዎች ሲጫወቱት ይህ ነጻነት ነው። አንዱ ራስ፣ ሌላው ሎሌ ሲሆኑስ? ራስ የፈለጉትን ያህል ያስተካክላሉ፤ ሎሌው እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። የመጀመሪያውን ምት ማን ይደፍራል? «አይቶ ያስተካክላል» የሚለው ሕግ ለራስ ነጻነት፣ ለሎሌው ፍርሃት ይሆናል። ሕጉ አልተጣሰም! አንድም ቃል አልተሰረዘም። ዝምታው ብቻ በጉልበተኛው ተሞላ።

ከገና ጨዋታ ጋር አስተያዩት። በገና ቀን ጌታው ተመታሁ ብሎ እንዳይቆጣ ልማዱ አስቀድሞ ይከለክለዋል፤ የደጋው እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ገና ሕገ ወጥ ይመስላል፤ ሩሩ ትበርራለች፣ ዱላ ይወዛወዛል፣ ቅልጥም ይሰበራል። ነገር ግን አንዲት ግልጽ ሕግ አለችው፤ ማዕረግ ሜዳው ላይ አይሠራም። ሰንጠረዥ ደግሞ በጥሩ ሕግ የተሞላ ነው፤ ይህች አንዲቷ ግን ጎደለችው። ስለዚህ ሜዳ ላይ ጌታ ይሸነፋል፤ አዳራሽ ውስጥ ያሸንፋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

«ወረራን አስወግደን በቼዝ ሕግ እንጫወት» የሚሉትን አልደግፍም። ያ ትርጓሜ ሳይሆን መቅበር ነው። የሰንጠረዥ ነፍስ ወረራ ነው፤ ከሱ ከወጣ የቀረው ደካማ ንግሥት ያለው ቼዝ ነው። «በተጻፈው ፊደል ብቻ» የሚሉትንም አልደግፍም፤ ፊደሉ የመጣው ከእንግዳ ማስታወሻ ነውና።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ጨርቁ ከመዘርጋቱ በፊት ሕጉ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ አሻሚው ቦታ «አንድም» ተብሎ ይቅረብ፤ ከሁለቱ አንዱ በስምምነት ይመረጥ። አንድ ጊዜ ጠጠር ከተበላ በኋላ ፍቺ አይለወጥ። በመካከል ያልታሰበ ጠብ ከተነሣ ደግሞ፣ ፍቺው የተበላበትን ወገን ይጥቀም፤ የበላው አንድ ጠጠር አትርፏልና ትርጓሜውንም አይደርብ። ከገናም አንዲቷን ሕግ እንዋስ። ጨርቁ ላይ መምህርና ተማሪ፣ ሲኒየርና ፍሬሽ፣ ሊቀመንበርና አባል የሚባል ነገር አይኑር።

ይህ ስለ ጨዋታ ብቻ የተጻፈ የመሰለው ሰው በየማኅበራችን ያለውን መተዳደሪያ ደንብ ያውጣና ዝም ያለባቸውን ቦታዎች ይቁጠር። ከዚያ ባለፈው ስብሰባ በነዚያ ቦታዎች ላይ የተናገረው ማን እንደ ነበር ያስታውስ።

ተቃራኒ ፍቺ ያለው ጓደኛ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ። በተለይ ስለ ሰባቱ እርምጃ፣ ምስክር ያመጣልኝ ካለ፣ «አንድም» ብዬ ከጎኑ አጽፈዋለሁ።